ቅጽ ለምታዘጋጁ ሁሉ፦ ከወግ ውጭ ከምትኖር ባለጉዳይ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለተከበራችሁ ቅጽ አዘጋጆች፣ መመሪያ ጸሐፊዎችና ከመስኮት ወዲያ ለምትቀመጡ ሠራተኞች፣

ጤና ይስጥልኝ።

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ለአንድ መሥሪያ ቤት አይደለም። ብዙ ቦታ ተመላልሻለሁ፤ ቅጹ ሁሉም ጋ ያው ነው። ስም፣ ዕድሜ፣ የጋብቻ ሁኔታ፣ የልጆች ብዛት፣ ሥራ፣ ቀጣሪ፣ የቅርብ ዘመድ። ዕድሜ ድረስ በሰላም እሞላለሁ። ከዚያ በኋላ እስክሪብቶዬ ይቆማል።

መልስ አጥቼ አይደለም። መልስ አለኝ። የሚጻፍበት ቦታ ነው የሌለው።

አኗኗሬን ባጭሩ ልንገራችሁ። አላገባሁም፤ ለማግባትም እየጠበቅኩ አይደለም። ልጅ የለኝም። ከሦስት ሰዎች ጋር አንድ ቤት ውስጥ እኖራለሁ። ዘመዶቼ አይደሉም፤ አከራይና ተከራይም አይደለንም። ከገቢያችን አብዛኛውን አንድ ላይ እናደርጋለን። አንዱ ቢታመም ማን እንደሚያስታምመው እናውቃለን። ስናረጅም አብረን ለመሆን ተነጋግረናል። ሥራ የምገባው የሳምንቱን ግማሽ ብቻ ነው። ሙሉውን ሥሪ ተብዬ እምቢ ብያለሁ፤ የቀረውን ጊዜ ለቤቱ፣ ለራሴና ለምወዳቸው ነገሮች አውለዋለሁ። በቃ፣ ይኸው ነው። ወንጀል የለበትም፣ ምሥጢር የለበትም፣ ጀግንነትም የለበትም።

ሰው ይህን ሲሰማ ከሁለት አንዱን ያደርጋል። ወይ ያዝንልኛል፣ ወይ ያደንቀኛል። “አይዞሽ፣ ገና ነሽ” የሚለኝ አለ። “ታድለሽ! እኔም ምነው ባደረግኩት” የሚለኝም አለ። ሁለቱም ከልባቸው ነው። ሁለቱም ግን የሚያወሩት ስለ ራሳቸው ነው። ከእነሱ ጋር ጠብ የለኝም። “ሰው ምን ይለኛል” የሚለውን ነገር ከተውኩት ቆይቻለሁ፤ ሐሜተኛም ቢሆን አንድ ቀን ይሰለቸዋል። ቅጽ ግን አይሰለቸውም። ለዚህ ነው ለጎረቤቶቼ መጻፉን ትቼ ለእናንተ የምጽፈው።

አንድ ሌሊት አብራኝ የምትኖረው ጓደኛዬ በድንገት ታመመች። ሆስፒታል ይዣት የሄድኩት እኔ ነኝ። የትኛው ሆስፒታል እንደሆነ መናገር አያስፈልግም። ስትወድቅ አንድ እግር ጫማዋ ወልቆ ስለነበር ሁለቱንም በፌስታል ይዣቸዋለሁ። እሷን በተሽከርካሪ አልጋ ወደ ውስጥ አስገቧት፤ እኔ በሩ ላይ ቀረሁ። ነርሷ ቅጽና እስክሪብቶ ይዛ መጣች።

“ምኗ ነሽ?”

“አብረን ነው የምንኖረው።”

“እሱማ ገባኝ። ምኗ ነሽ?”

“ጓደኛዋ።”

“ቤተሰብ የላትም?”

አላት። እህት አላት፤ ሌላ አገር ናት፤ ከተነጋገሩ ዓመታት አልፈዋል። የማይስማማትን መድኃኒት የማውቀው ግን እኔ ነኝ። ትኩሳቱ መቼ እንደጀመራት፣ ምን እንደወሰደች፣ ካሁን በፊት የት እንደታከመች የማውቀው እኔ ነኝ። እህትየው ስልክ ብታነሳ እንኳ መልሱን ከእኔ መጠየቅ ነበረባት። ነርሷ ክፉ ሰው አልነበረችም። ፊቴን አየችው፣ ፌስታሉን አየችው፣ ወደ ኋላዋ ገልመጥ አለችና ድምፅዋን ቀነስ አደረገች።

“እህቷ ነኝ በይና ግቢ።”

እህቷ ነኝ አልኩና ገባሁ።

እስቲ ይህን ነገር ረጋ ብላችሁ እዩት። እውነቱን ስናገር በሩ ተዘጋብኝ፤ ስዋሽ ተከፈተልኝ። ነርሷ የመሥሪያ ቤቷን ደንብ ጣሰች፤ በመዝገቡ ላይ የሌለች እህት ተጻፈች። ደንቡ የወጣው በሽተኛዋን ከማይሆን ሰው ለመጠበቅ ነበር። ተንኮል ያሰበ ሰው መጥቶ “ወንድሟ ነኝ” ቢል ኖሮስ? በዚያችው ቃል ሰተት ብሎ ይገባ ነበር። እንግዲህ ደንቡ ማንን ጠበቀ?

ይህ ከሰማይ የወረደ ሕግ አይደለም፤ ይለወጣል። ተለውጦም ያውቃል። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2010 ፕሬዚዳንት ባራክ ኦባማ ለአገራቸው የጤና መሥሪያ ቤት ስለ ሆስፒታል ጠያቂዎች አንድ መመሪያ ጻፉ። መመሪያው በምሳሌነት ካነሳቸው ሰዎች መካከል ልጅ የሌላቸው የትዳር ጓደኛ የሞተባቸው ሰዎችና በሃይማኖት ማኅበር ውስጥ የሚኖሩ ሰዎች ይገኙበታል። እነዚህ ሰዎች ሲታመሙ አጠገባቸው የሚፈልጉት የቅርብ ወዳጃቸውን ነው፤ ሆስፒታሉ ግን የሥጋ ዘመድ ካልሆነ አላስገባም ይል ነበር። ከዚያም ከጥር 2011 ጀምሮ የመንግሥት የጤና መድን ገንዘብ የሚቀበሉ ሆስፒታሎች በሙሉ ጠያቂውን የሚመርጠው በሽተኛው እንዲሆን የሚያዝ ደንብ ወጣ። ሰማይ አልተደፋም። ሆስፒታልም አልተዘጋም። በሩ ላይ የቆመውን ሰው ማንነቱን መመርመር ቀርቶ በሽተኛውን “ማን ይግባልህ?” ብሎ መጠየቅ ተጀመረ። ይኸው ነው ለውጡ።

ማን ከማን ጋር ይኑር የሚለው ነገር ፍርድ ቤት ድረስም ሄዷል። ቤል ቴር የምትባል ትንሽ የኒው ዮርክ መንደር በሥጋ፣ በጋብቻ ወይም በጉዲፈቻ ካልተዛመዱ በቀር ከሁለት ሰው በላይ አንድ ቤት እንዳይኖር ከልክላ ነበር። ስድስት ተማሪዎች አንድ ቤት ተከራዩ። ጉዳዩ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ እ.ኤ.አ. በ1974 ለመንደሯ ተፈረደ። ጩኸት ስላበዙ፣ ወይም ጎረቤት ስለበደሉ አይደለም። ቁጥራቸውና ዝምድና ማጣታቸው በቂ ነበር።

ከሦስት ዓመት በኋላ ደግሞ ሌላ ጉዳይ መጣ። እዚያው አሜሪካ ኢስት ክሌቭላንድ በምትባል ከተማ አይኔዝ ሙር የሚባሉ አያት ከአንድ ልጃቸውና ከሁለት የልጅ ልጆቻቸው ጋር ይኖሩ ነበር። ሁለቱ ሕፃናት የወንድማማች ልጆች ናቸው። የከተማዋ ደንብ “ቤተሰብ” ብሎ በዘረዘረው ውስጥ ይህ ዓይነቱ ቤት አልነበረም። ስለዚህ አያቲቱ የልጅ ልጃቸውን ከቤት አላስወጣም በማለታቸው 5 ቀን እስራትና 25 ዶላር ቅጣት ተወሰነባቸው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1977 ሻረላቸው። ስሰማው ደስ ብሎኝ ነበር፤ ምክንያቱን ሳየው ግን ደስታዬ ቀዝቀዝ አለ። ያዳናቸው ደም ነው። ዘመድ ባይሆኑ ኖሮ እንደ ተማሪዎቹ ይሆኑ ነበር።

ደም ያለውም ቢሆን ሁልጊዜ አይድንም። በእንግሊዝ ሁለት እህትማማቾች ዕድሜያቸውን ሙሉ አብረው ኖሩ። ሁለቱም 80 አልፏቸው ነበር። አንዳቸው ሲሞቱ የቀሩት የውርስ ግብር ለመክፈል ቤቱን መሸጥ እንዳይመጣባቸው ፈሩ። ባልና ሚስት ከዚህ ግብር ነፃ ናቸው፤ እህትማማቾች ግን አይደሉም። እስከ አውሮፓ የሰብአዊ መብቶች ፍርድ ቤት ሄዱ፤ ታላቁ ችሎት እ.ኤ.አ. በ2008 አልተቀበላቸውም። ቤልጅየም ግን ከ2000 ጀምሮ ሌላ መንገድ አላት። አብረው የሚኖሩ ሁለት ሰዎች፣ ጓደኛሞችም ይሁኑ እህትማማቾች፣ ለአካባቢያቸው አስተዳደር አስታውቀው የተወሰነ የሕግ ጥበቃ ያገኛሉ። አንሶላ ይጋፈፉ አይጋፈፉ የሚጠይቃቸው የለም። ለሁለት ሰው ብቻ መሆኑ ለእኛ አይበቃም፤ እኛ አራት ነን። ለጊዜው ግን ሁለትም ደግ ነው።

እስቲ ሕጉን ልተወውና ወደ ቤት ልግባ። ከወግ ውጭ መኖር ምን እንደሚመስል የሚጠይቀኝ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጠብቀው “ነፃነት ነው” እንድለው ነው። ነፃነትስ አለው። ከምንም በላይ ግን ንግግር ነው። ወግ አንድ ትልቅ ጥቅም አለው፤ ሰው ብዙ ነገር ሳይነጋገር እንዲግባባ ያደርጋል። ባል ምን ያደርጋል፣ ሚስት ምን ታደርጋለች፣ የበኩር ልጅ ድርሻው ምንድን ነው፣ እንግዳ ማን ይቀበላል፣ ማን ይወርሳል፣ ማን ይቀብራል፤ አብዛኛው ሳይነሳ ያልቃል። ፍትሐዊ ነው አላልኩም። ግን ያልቃል።

እኛ ቤት ሳይነሳ የሚያልቅ ነገር የለም። የወጥ ቤቱ በር ላይ በሲባጎ የታሰረ ደብተር አለን። ማን ምን እንደገዛ፣ መብራት ማን እንደከፈለ፣ የማን እንግዳ እስከ መቼ እንደሚቆይ ይጻፍበታል። አንደኛው ገጽ ላይ በቀይ እስክሪብቶ “የሰው ፎጣ አይነካ!” የሚል አለ። ማን እንደጻፈው በይፋ አልታወቀም፤ ሁላችንም ግን እናውቃለን። ወር በገባ ቁጥር ደብተሩን አውርደን እንቀመጣለን። አንዱ ይኮርፋል፣ አንዱ ይስቃል፣ አንዱ ሒሳቡን ደግመን እንደምር ይላል። ከእኛ መካከል በዕድሜ ትልቁ፣ ጋሼ የምንለው፣ ሁልጊዜ ስብሰባው እንዲያጥር ይጠይቅና ራሱ ያረዝመዋል። የማይደብቁት ነገር፣ ያደክማል። አንዳንድ ወር ምናለ እንደ ሰው ዝም ብዬ በኖርኩ እላለሁ። ዘመዶቻችን “እናንተማ እንደፈለጋችሁ ነው የምትኖሩት” ይሉናል። እንደፈለጉ ለመኖር ስንት ስብሰባ እንደሚያስፈልግ ባወቁልን!

ይህን የምለው ለቀልድ ብቻ አይደለም። ተለይተው ለመኖር የሞከሩ ሰዎችን ታሪክ ሳነብ አዘውትሬ የማየው ይህንኑ ነው። ፍሩትላንድስ የሚባል ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1843 ማሳቹሴትስ ውስጥ ተቋቋመ። ሐሳባቸው ከፍ ያለ ነበር፤ የእንስሳ ሥጋ አንበላም፣ ሱፍ አንለብስም፣ በእንስሳ ጉልበትም አናርስም አሉ። ክረምቱ ሲገባ ስንቃቸው አለቀ፤ ማኅበሩ 7 ወር ያህል ቆይቶ ተበተነ። በ1848 ኒው ዮርክ ውስጥ የተመሠረተው ኦናይዳ ደግሞ ከ30 ዓመት በላይ ከዘለቀ በኋላ በ1881 የአክሲዮን ኩባንያ ሆነ፤ በኋላም ስሙ የገነነው በማንኪያና በሹካ ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ በ1967 የተጀመረው ትዊን ኦክስ ግን እስካሁን አለ። እዚያ እያንዳንዱ ሰው የሚሠራበት ሰዓት ይመዘገባል፤ ሕፃን መጠበቅም፣ ወጥ ቤት መግባትም፣ ለገበያ የሚሆን ዕቃ መሥራትም እኩል እንደ ሥራ ይቆጠራል። ለእኔ እንደሚመስለኝ ያኖራቸው ደብተራቸው ነው። ስለዚህ እኛን ደንብ የማይወዱ ሰዎች አድርጋችሁ አትዩን። ከደንብ ጋር የምንውለው ከእናንተ ባልተናነሰ ነው።

ከሰው ሸሽተንም አይደለም። ስለ አሜሪካዊው ጸሐፊ ሄንሪ ዴቪድ ቶሮ ሲወራ ሰምታችሁ ይሆናል፤ እ.ኤ.አ. በ1845 ከተማውን ትቶ ኩሬ ዳር በሠራት ጎጆ ከሁለት ዓመት በላይ የኖረው። ሰዎች አንድ ነገር ሲያውቁ ይናደዱበታል። መሬቱ የወዳጁ የኤመርሰን ነበር፤ ከከተማውም በእግር ይደረስ ነበር፤ ቤተሰቦቹ ጋ ይመላለስ ነበር። “ታዲያ ምኑን ተለየው?” ይላሉ። እኔ ደግሞ ቶሮን የወደድኩት ይህን ካወቅኩ በኋላ ነው። አማራጭ ኑሮ ማለት ከሰው መራቅ ነው ያለው ማን ነው? የጥንቱ የግሪክ ፈላስፋ ዲዮጋንስም በጋን ውስጥ አደረ ሲባል ጋኑ የነበረው በረሃ አልነበረም፤ በከተማ መሀል፣ በሰው ፊት ነው። ቶሮ ግብር አልከፍልም ብሎ በ1846 አንድ ሌሊት ታስሯል። እኛ በዚህ እንለያለን፤ ግብራችንን እንከፍላለን፣ ወረፋችንን እንጠብቃለን፣ የታመመ ጎረቤት እንጠይቃለን። ከእናንተ አገልግሎት የምንፈልገውም ለዚህ ነው። ከማኅበረሰቡ ወጥተን ቢሆን ኖሮ መስኮታችሁ ላይ ምን አመጣን?

እዚህ ላይ የእናንተም ስጋት አለ። አውቀዋለሁ፤ ፊት ለፊት ላንሳው። “ዛሬ እናንተን ብንተው ነገ ማን ምን ይዞ ይመጣል?” ነው ስጋቱ። በጉያና ጫካ ውስጥ ጆንስታውን በሚባል ሰፈር እ.ኤ.አ. በኅዳር 1978 ከ900 በላይ ሰዎች በመሪያቸው ትእዛዝ፣ አብዛኞቹ በመርዝ፣ አልቀዋል፤ ከእነሱ ውስጥ አንድ ሦስተኛ ያህሉ ልጆች ነበሩ። እነሱም “ከዓለም የተለየ ኑሮ” ብለው ነው የሄዱት። ይህን የሚረሳ ሰው ስለ አማራጭ ኑሮ ባይናገር ይሻላል። ግን ጆንስታውንን አስፈሪ ያደረገው አብሮ መብላቱና አብሮ መሥራቱ ነው? አይደለም። መውጣት የፈለገ መውጣት አልቻለም። በአንድ ሰው ቃል ሁሉም ይታዘዝ ነበር። ይህ ደግሞ ባልና ሚስት ባሉበት፣ ወግ በሞላበት ቤትም የሚደርስ ነው። የተቆለፈ በር ስታዩ ጠይቁ፤ የእኛም ቢሆን። እንዲያውም እባካችሁ ጠይቁ። ከእኛ ቤት ሰው ልውጣ ቢል ድርሻው ስንት እንደሆነ ደብተሩ ላይ ተጽፏል።

የልጆች ነገር ከዚህ ይከብዳል። በአሜሪካ አሚሽ የሚባሉ፣ ከዘመናዊ ኑሮ ርቀው የሚኖሩ ክርስቲያን ወላጆች ልጆቻችንን ከ8ኛ ክፍል በላይ አናስተምርም፣ ሃይማኖታችንና አኗኗራችን አይፈቅድም ብለው ተከራከሩ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1972 ፈቀደላቸው። ዳኛ ዊልያም ዳግላስ ግን በከፊል ተለዩ። የወላጆችን ሐሳብ ሰማን፣ የልጆቹንስ ማን ጠየቀ አሉ፤ ምናልባት ልጁ የፒያኖ ተጫዋች ወይም የጠፈር ተጓዥ መሆን ይፈልግ ይሆናል። እኔ ከዳግላስ ጋር ነኝ። ለራሴ የመረጥኩት ኑሮ ለሌላ ሰው ግዴታ የሚሆንበት ጊዜ ምርጫ መባሉ ይቀራል፤ ለዚያ ሰው ወግ ሆነበት ማለት ነው። ልጅ ባለበት ቤት ትምህርቱንና ጤናውን ብትከታተሉ ከማንም ጋር አልከራከራችሁም።

ሌላ ልታስቡበት የሚገባ ነገር አለ፤ ይህኛው ለራሳችሁ ሥራ ይጠቅማል። ሰሎሞን አሽ የሚባል የሥነ ልቦና ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ ያደረገው ሙከራ አለ። ሰዎችን ክፍል ውስጥ ሰብስቦ የመስመሮችን ርዝመት ያስገምታቸዋል። ጥያቄው ለሕፃን እንኳ ቀላል ነው። ነገር ግን ከአንዱ በቀር ሌሎቹ ሁሉ ከአሽ ጋር የተስማሙ ናቸው፤ ሆን ብለው በአንድ ድምፅ የተሳሳተ መልስ ይሰጣሉ። ያ ብቻውን የሆነው ሰው ምን ያደርጋል? ሦስት አራተኛ ያህሉ ቢያንስ አንድ ጊዜ ዓይናቸው ያየውን ትተው ከሰው ጋር ሆነዋል። አሁን የሚገርመውን ስሙ። አሽ ከዚያ ውስጥ አንድ ሰው ብቻ ትክክለኛውን መልስ እንዲናገር ሲያደርግ ስህተቱ በጣም ወረደ። አንድ ሰው ብቻ!

ይህን ወደ ቅጻችሁ አምጡት። “ያገባ / ያላገባ / የተፋታ / የሞተበት” ብላችሁ ስትሰጡን ሁላችንም አንዱ ላይ ምልክት እናደርጋለን። አሥር ዓመት ከአንድ ሰው ጋር በስምምነት የኖረውም፣ ተለያይቶ ወረቀት ያልጨረሰውም፣ ከጓደኞቹ ጋር ቤት የመሠረተውም፣ ብቻዬን ይሻለኛል ያለውም “ያላገባ” ይሆናሉ። ከዚያ እናንተ ቁጥሩን ደምራችሁ “ሕዝቡ እንዲህ ነው የሚኖረው” ብላችሁ ዕቅድ ታወጣላችሁ። ያንን ቁጥር ያየ ሰውም “ለካ እንደኔ ያለ የለም” ብሎ የበለጠ ይደበቃል። በፊንላንድ ዛሬ ከ40 በመቶ በላይ የሚሆነው ቤት አንድ ሰው ብቻ የሚኖርበት ነው። እዚያ ብቻውን የሚኖር ሰው እንደ ጉድ አይታይም፤ ቤቱም፣ አገልግሎቱም እሱን አስቦ ይታቀዳል። መጀመሪያ ግን በትክክል ተቆጠረ።

ደግሞ እንደ ትርኢት እንድታዩን አልፈልግም። ይህን የምለው የአውራ አምባን ማኅበረሰብ አስቤ ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 ዙምራ ኑሩና ጥቂት ሰዎች ሲጀምሩት ሴት ታርሳለች፣ ወንድ ምጣድ ላይ ይቀመጣል፣ የወንድና የሴት ሥራ የሚባል የለም አሉ። የዘመኑ ሰው እንደ ጤነኛ አላያቸውም። ተገፉ፣ ከቀያቸው እስከ መሰደድ ደረሱ፣ ተመለሱ። በኋላ ደግሞ ጎብኚ ካሜራ ይዞ ይሄድ ጀመር። ከስደት ጉብኝት ይሻላል፤ ይህን ማን ይክዳል? ግን በሁለቱ መሀል አንድ ቦታ አለ፤ እሱም ማንም ዞር ብሎ ሳያየን መኖር ነው። ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው። ያለ ስድብም ያለ ጭብጨባም ጉዳዬን ጨርሼ ወደ ቤቴ መሄድ።

እንግዲህ የምጠይቀው ምንድን ነው? ብዙ አይደለም፤ አንዳንዱ ነገ ጠዋት የሚሠራ ነው። ቅጽ ስታዘጋጁ እያንዳንዱ ጥያቄ ላይ ቁሙና “ይህ መልስ ለምን ያስፈልገናል?” በሉ። የውኃ ቆጣሪ ለማስገባት ጋብቻ ምን ይሠራል? ካላስፈለገ አውጡት። የሚያስፈልግ ከሆነ ደግሞ የምትፈልጉትን በቀጥታ ጠይቁ። ስታመም ማን እንዲጠራልኝ ማወቅ ከፈለጋችሁ “ስትታመሚ ማን ይጠራ?” በሉኝ፤ “የቅርብ ዘመድ” ስትሉኝ ዓመታት ያላናገርኳትን ሰው እንድጽፍ ታስገድዱኛላችሁ። ቤቱ ውስጥ ስንት ሰው እንደሚኖር ለማወቅ ከሆነ ቁጥሩን ጠይቁ። ዕዳ ማን እንደሚከፍል ለማወቅ ከሆነ ዋስ ጠይቁ፤ አራት ፊርማ እናመጣለን። “ሌላ” የሚል ሳጥን ካላችሁ አጠገቡ መጻፊያ መስመር አኑሩለት፤ ካልሆነ “ሌላ” ማለት “አይመለከተንም” ማለት ነው። ውክልናና ኑዛዜ ደግሞ ለእኛ ከጋብቻ ወረቀት እኩል ነው፤ ይዘን ስንመጣ ተጠራጥራችሁ አለቃ ፍለጋ አትሂዱ።

ከዚህ ሁሉ በላይ አንድ ጥያቄ ከመስኮታችሁ ብታነሱልኝ ደስ ይለኛል። “ለምን?” የሚለውን። “ለምን አላገባሽም? ለምን ሙሉ ቀን አትሠሪም? ለምን ከቤተሰብሽ ጋር አትኖሪም?” ያገባ ሰው ለምን እንዳገባ ተጠይቆ አያውቅም። ከጠዋት እስከ ማታ የሚሠራ ሰው ለምን እንደሚሠራ መታወቂያ ሲያወጣ አያስረዳም። እኔ ማስረዳት አልጠላም፤ ለወዳጅ ሲሆን ሌሊቱን ሙሉ አወራለሁ። ማስረዳት ወረፋ ላይ የሚከፈል ሁለተኛ ግብር ሲሆን ግን ይመርራል። ከኋላዬ የተሰለፈው ሰውም ጆሮውን አቁሞ ይሰማል፤ እሱም ጉዳዩን ጥሎ የእኔን ጋብቻ ያስባል።

ይህን ሁሉ ካደረጋችሁ የምታስደስቱት እኛን ብቻ እንዳይመስላችሁ። ባሏ የሞተባት፣ ልጆቿ ርቀው የሄዱባት፣ ጎረቤቷ የምታስታምማት ሴት አለች። ወንድሙን ሲያስታምም ሥራ የለቀቀ ወንድ አለ። የእህቱን ልጆች የሚያሳድግ አጎት አለ። እነዚህ ሰዎች ወግ አልጣሱም፤ ሕይወት ናት ከመስመሩ ያስወጣቻቸው። ቅጹ ላይ ሲደርሱ ግን ከእኔ ጋር አንድ ወረፋ ላይ ነን።

የሚሻሻል ረቂቅ ቅጽ ካላችሁ ላኩልን። ቤታችን ውስጥ አራት ዓይነት የሥራ ሁኔታ፣ አራት ዓይነት የቤተሰብ ታሪክና አንድ ቀይ እስክሪብቶ አለ። ሞልተን፣ የት ላይ እንደተቸገርን ምልክት አድርገን በሳምንቱ እንመልስላችኋለን። ክፍያ አንጠይቅም።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት ባለጉዳይ